ምክትል አሰልጣኝ ስንቀጥር፦ ለጣና ዳር ክለብ የሚበጀው የትኛው ነው?

ዋና አሰልጣኝ ሲቀየር ባሕር ዳር ውስጥ የማይሰማ የለም። የባጃጅ ሾፌሩም፣ የዩኒቨርሲቲው መምህርም፣ ጣና ዳር ተቀምጦ ቡና የሚጠጣውም የየራሱ አስተያየት አለው። ቦርዱ ይሰበሰባል፣ ሬዲዮው ያወራል፣ አዲሱ ሰው ማልያ ይዞ ፎቶግራፍ ይነሣል። ምክትሉ፣ የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኙና የአካል ብቃት አሰልጣኙ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ የስልክ ጥሪ ይቀጠራሉ። «እገሌ ዘንድሮ ሥራ የለውም» ይባላል፤ በሳምንቱ ሰውየው ቱታ ለብሶ ሜዳ ላይ ይታያል። ምን እንዲሠራ እንደተቀጠረ ግን እሱም በቅጡ አያውቅም።

ይህ ቅጥር በእኛ አገር እንዲህ ሊቀልል አይገባውም። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድን ለምዷል። ቡድኑ ሻንጣውን ይዞ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ወይም አዳማ ይገባና ለሳምንታት ሆቴል ይከርማል። ዋና አሰልጣኙ ከጋዜጠኛው፣ ከቦርዱና ከቀጣዩ ተጋጣሚ ጋር ሲታገል፣ ከተጫዋቾቹ ጋር ቁርስ የሚበላው፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሰነበተውን ልጅ የሚያጽናናው፣ ማታ ማታ የሆቴሉን ኮሪደር የሚዞረው ምክትሉ ነው። ቡድኑ በጥር ወይም በየካቲት ሲደክም መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው። ካላወቀ ደግሞ ማንም አያውቅም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሁለት ሦስት ረዳት የሚቀጥር ክለብ አንዱን ወንበር ለዋና አሰልጣኙ ምርጫ ይተውለት፤ የተቀሩትን ግን ከእጁ አያውጣ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

ከስም በፊት

በየክረምቱ የማየው ስሕተት ውይይቱ በስም መጀመሩ ነው። ጠረጴዛው ላይ አራት የሕይወት ታሪክ ወረቀት ይቀመጥና «ከእነዚህ ማን ይሻላል?» ይባላል። ለምን ሥራ እንደሆነ ሳይታወቅ ማን እንደሚሻል ማወቅ አይቻልም።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዋና አሰልጣኙ ነው፤ ጥያቄውም «ማንን ትፈልጋለህ?» መሆን የለበትም። ከሳምንቱ ሥራ የትኛውን ራሱ መያዝ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ደግሞ እንደሚሰለቸው ይነገር። ሜዳ ላይ ፊሽካ ይዞ መዋል የሚወድ አሰልጣኝ አለ፤ ለእሱ ሌላ የሜዳ ሰው መጨመር ሁለት ፊሽካ በአንድ ሜዳ ማስጮህ ነው። ከሜዳ ዳር ቆሞ ማየት የሚወድና ልምምዱን ሌላ ሰው እንዲመራለት የሚሻም አለ። ተጫዋች መቆጣት የማይሆንለት አለ፤ ተቆጥቶ ማስታረቅ የማይሆንለትም አለ። መልሱ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ያ ገጽ የቅጥሩ ማስታወቂያ ነው።

የጨዋታውን ሕግም እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአሰልጣኞች መቆሚያ ክልል ውስጥ ቆሞ ታክቲካዊ መመሪያ መስጠት የሚፈቀደው በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ ዳኛው ለአሰልጣኞችም ቢጫና ቀይ ካርድ ያሳያል። ከወንበሩ ላይ ማን እንደተሳደበ ካልታወቀ ካርዱ በዚያ ክልል ውስጥ ላለው ከፍተኛ አሰልጣኝ ይሆናል። ስለዚህ ከወንበሩ እየተነሣ የሚጮኸው ምክትል ለደጋፊው ቆራጥ ቢመስልም ዋናውን አሰልጣኝ ወደ ተመልካቾች መቀመጫ ሊያስልክ የሚችል ሰው ነው። ቀድሞ በሠራበት ክለብ ስንት ካርድ እንዳየ መጠየቅ ነውር የለውም።

የአሰልጣኙ ሰው ወይስ የክለቡ ሰው?

ትልቁ ምርጫ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ዋና አሰልጣኙ ይዞት የሚመጣው ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። የልምምዱን ዕቅድ ለማስረዳት ጊዜ አይባክንም፤ የክረምቱ ዝግጅት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ብቻ መሆኑ ሲታሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሰልጣኙ መልበሻ ክፍል ውስጥ ጀርባውን የሚሰጠው ሰው ያገኛል። ከቦርዱ ጋር የሚያወራ፣ ወንበሩን የሚመኝ ሰው አጠገቡ ተቀምጧል ብሎ የሚጠረጥር አሰልጣኝ ደግሞ ግማሽ ልቡ ሥራው ላይ አይሆንም።

ጉዳቱ የሚታየው በመጥፎ ወቅት ነው። ውጤት ሲጠፋ አሰልጣኙ ይሰናበታል፣ ምክትሉ ተከትሎት ይወጣል፣ የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኙም እንዲሁ። ክለቡ በአንድ ቀን ባዶ ይሆናል። የትኛው ተጫዋች የትኛውን ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር፣ ማን ግራ እግሩን እያሠለጠነ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አይቀርም። አዲሱ ሲመጣ የራሱን ሰዎች ይዞ ከዜሮ ይጀምራል። የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ እየተባለ ሁለት ዓመት ያልፋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ክለቡ ስለራሱ ተጫዋቾች የሚያውቀው ነገር ከደጋፊው የተሻለ አይደለም።

ከውጭው ዓለም ሁለት ምሳሌዎች እነሆ። ሃንሲ ፍሊክ እ.ኤ.አ. በ2019 ክረምት የጀርመኑ ባየርን ሙኒክ የገባው የዋና አሰልጣኙ የኒኮ ኮቫች ምክትል ሆኖ ነበር። በኅዳር ኮቫች ሲሰናበት ቡድኑን ተረከበ፤ በሚቀጥለው ክረምት ሊጉን፣ የጀርመንን ዋንጫና የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግን አነሣ። ባየርን ኮቫችን ባሰናበተበት ሳምንት ቡድኑን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ ነበረው። በሌላ በኩል ዜልኮ ቡቫች ከማይንስ ጀምሮ በዶርትሙንድ አድርጎ እስከ ሊቨርፑል የአሰልጣኝ ዩርገን ክሎፕ ምክትልና የቅርብ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ሳይጠናቀቅ ከሥራው ተለየ። ሊቨርፑል ግን ለፍጻሜ ደረሰ፤ ምክንያቱም ሥራውን የሚያውቁ ሌሎች ረዳቶች ነበሩ። የአንድ ሰው መሄድ ቤቱን እንዳያናጋ የተደራጀ ክለብ የአሰልጣኙን ሰው ሳይፈራ መቀበል ይችላል።

የክለቡ ሰው ያልኩት ደመወዙንና ውሉን ከዋና አሰልጣኙ ጋር ያላያያዘ፣ አሰልጣኝ ቢቀየርም የሚቀር ነው። የእሱም ጣጣ አለው። ሦስት አሰልጣኝ ያሳለፈ ምክትል አራተኛውን «ይሄም ያልፋል» በሚል ዓይን ማየት ይጀምራል። ተጫዋቾች ደግሞ ይህንን ያሸታሉ፤ ዋናው ሲቆጣቸው ወደ ምክትሉ ሄደው ያለቅሳሉ። እንግዲህ የክለቡ ሰው ሲመረጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዘነው ጠባዩ ነው፦ ወሬ የማያመላልስ፣ ለቦርድ አባል በስልክ «የልቤን ልንገርህ» የማይል። እንዲህ ያለው ሰው ከተገኘ ላይሰንሱ (የአሰልጣኝነት ፈቃዱ) አንድ ደረጃ ቢያንስ እንኳን ልወስደው እችላለሁ፤ ላይሰንስ በኮርስ ይገኛል።

ስለ ላይሰንስ ካነሣን አይቀር፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ደረጃዎች ከዲ ተነሥተው በሲ፣ በቢና በኤ አልፈው እስከ ፕሮ ይደርሳሉ። በየትኛው ወንበር የትኛው እንደሚፈለግ የዓመቱ የክለቦች ፈቃድ መመሪያ ስለሚወስነው፣ ፊርማ ከመፈረሙ በፊት የፌዴሬሽኑ ደብዳቤ ይነበብ።

አራት ዓይነት ሰዎች

የክለቡን ወንበር ለመሙላት ሲፈለግ አራት ዓይነት ሰው በር ያንኳኳል።

የቀድሞው ኮከብ ተጫዋች በመጀመሪያው ሳምንት ከማንም ይበልጣል። ልጆቹ ያከብሩታል፣ ደጋፊው ያጨበጭብለታል፣ ልምምድ ላይ ኳስ ሲመታ ሁሉም ቆሞ ያየዋል። ችግሩ ለራሱ ቀላል የነበረው ነገር ለሌላው ለምን እንደሚከብድ አለመረዳቱ ነው። አጥቂው ሲስት «እንዴት ይህን ትስታለህ?» ይላል እንጂ የቆመው እግሩ ከኳሱ እንደራቀ አያሳየውም። ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም። ጫማ በሰቀለ ማግስት ከመቀጠር ይልቅ ሁለት ዓመት ከ17 ወይም ከ20 ዓመት በታች ቡድን ያሠለጠነ ከሆነ ሌላ ሰው ነው፤ ከእሱ ጋር መነጋገር ይገባል።

ከወጣት ቡድኑ የሚያድገው አሰልጣኝ ለእኔ ሚዛን ይደፋል። ለባሕር ዳር ዓይነት ክለብ ደግሞ ይበልጥ። ባሕር ዳር ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያደገው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ እንደ አንጋፋዎቹ የአዲስ አበባ ክለቦች የአሥርተ ዓመታት ጓዝ የለውም። በዙሪያው ግን ከሜዳ የማይጠፉ ልጆች ሞልተዋል። የወጣት ቡድኑ አሰልጣኝ የትኛው ልጅ ከየትኛው ሰፈር እንደመጣ፣ ማን ትምህርት እንዳቋረጠ፣ ማን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለዋናው ቡድን እንደሚደርስ ያውቃል። ዋና አሰልጣኙ ሰባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ «ያንን ልጅ እናስገባው?» ሲል የሚመልስለት እሱ ነው። አምስት ተጫዋች መቀየር በሚቻልበት ዘመን ይህ መልስ ዋጋ አለው።

ነገር ግን ማንም የማያነሣው አንድ ዕዳ አለበት። ሊጉ እየተዘዋወረ በመካሄዱ ምክትሉ ከዋናው ቡድን ጋር ለሳምንታት ይሄዳል። «ሁለቱንም ደርቦ ይያዝ» የሚለው ቁጠባ ያኔ ይጋለጣል፤ የወጣት ቡድኑ ከወር በላይ ያለ አሰልጣኝ ይቀራል። የሚያድግ ከሆነ ምትኩ በዚያው ቀን ይመደብ። ለዚያ ገንዘብ ከሌለ ሰውየውን ካለበት አለማንቀሳቀስ ይሻላል።

ሦስተኛው በሌላ ክለብ ዋና አሰልጣኝ የነበረና አሁን በምክትልነት የሚመጣ ነው። ልምዱ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ከሦስት ተከታታይ ሽንፈት በኋላ ስታዲየሙ ውስጥ የማን ስም እንደሚጠራ እናውቃለን። ዋና አሰልጣኙ ራሱ ካልጠራው በቀር አልመክርም።

አራተኛው የውጭ ዜጋ ነው፤ ለምክትልነት ሲሆን ነገሩን አላረዝምም። በምንዛሬ የሚከፈለው ደመወዝ ሁለት የአገር ውስጥ ባለሙያ ይቀጥራል፤ የኮሪደሩን ሥራ ደግሞ በአስተርጓሚ መሥራት አይቻልም።

የአካል ብቃት አሰልጣኝ፦ ክረምትና ፍልሰታ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ክለቦቻችን ገንዘብ የሚቆጥቡት እዚህ ላይ ነው፣ የሚከስሩትም እዚሁ ነው።

ሁለት አማራጭ ይቀርባል። አንዱ «ልጆቹን ያስሮጣል» የሚባለው የቀድሞ ተጫዋች ነው። ሌላው የስፖርት ሳይንስ ተማሪ የነበረ ባለሙያ ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚ ስላለው ይህን ሰው ለማግኘት አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ተጫዋቹን ያውቃል፣ ይቆጣል፣ ይታዘዝለታል። ሁለተኛው ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ግን መጀመሪያ ላይ ተጫዋቾቹ «ባለ ደብተሩ» እያሉ ሊስቁበት ይችላሉ። እኔ ባለ ደብተሩን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ነሐሴ ነው።

የእኛ የዝግጅት ወቅት ከክረምቱ ጋር ይገጥማል። ባሕር ዳር በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ ዝናቡም ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ይጠነክራል። ስለዚህ ሜዳው ልምምድ የሚፈቅደው ጠዋት ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ግን ጾመ ፍልሰታ ነው። ከቡድኑ ብዙው ይጾማል፤ ከሚጾመውም ጥቂት የማይባለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምስም። ጠዋት በሁለት ሰዓት ከባድ ሩጫ የሠራ ጾመኛ ሰባት ሰዓት ሙሉ ሳይጠጣ ይውላል። ዝናቡ ወደ ጠዋት ይገፋሃል፣ ጾሙ ወደ ከሰዓት ይስብሃል።

ለቃለ መጠይቅ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም። እጩውን አስቀምጡና «ነሐሴ 5 ነው፤ ሃያ አምስት ተጫዋች አለህ፤ የቀኑን ፕሮግራም ጻፍልን» በሉት። የሚያስሮጠው ሰው «ስፖርተኛ እንዴት ይጾማል!» ብሎ ይጀምራል፤ እሱን እዚያው ማመስገንና መሸኘት ነው፤ ቡድኑን ከጅምሩ ለሁለት ይከፍለዋል። ባለሙያው ግን ከመጻፉ በፊት ይጠይቃል፦ ስንቱ ነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆየው? ስንቱ ከጠዋት ጀምሮ የጾም ምግብ ይበላል? የማይጾሙትስ? ጣሪያ ያለው የልምምድ ቦታ አለን? ከዚያ ለምሳሌ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ ጠዋት ሜዳው ላይ ቀለል ያለ የኳስና የአቋቋም ሥራ፣ ሩጫ የሌለበት፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ጣሪያ ሥር የጡንቻ ማጠንከሪያ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገበታው ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ፣ ውኃው ከጨው ጋር፣ ሽሮውና ምስሩ በርከት ብሎ። የማይጾሙት የሩጫ ሥራቸውን ጠዋት ለብቻቸው ይሠራሉ። የሁሉም ከባድ ሩጫ ከነሐሴ 16 በኋላ ይገባል። (ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ጣና ዳር ቆመን አንጀምረው፤ ለአባቶች እንተወው።) ለሙስሊም ተጫዋቾች ደግሞ ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ በውድድሩ መካከል የሚያርፍባቸው ዓመታት አሉ፤ ያንንም በቀን መቁጠሪያው ላይ አስቀድሞ ምልክት ያደረገ ሰው ሥራውን ያውቃል።

ሁለተኛው መለኪያ የጉዳት ጉዳይ ነው። የጨቀየ ሜዳ ታኬታውን ይዞ ያስቀራል፤ የጭን ኋላ ጡንቻና ባት ዋጋውን ይከፍላሉ። ፊፋ ያዘጋጀውና 11 ፕላስ የሚባለው ማሟሟቂያ 15 እንቅስቃሴዎች ያሉት፣ 20 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ፣ ልዩ መሣሪያ የማይፈልግ ነው። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከተሠራ ጉዳትን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። እጩው በቃሉ እንዲያሠራው ይጠየቅ። ዮ-ዮ የሚባለውን የጽናት ፈተናም እንዲሁ፦ 20 ሜትር ሄዶ 20 ሜትር መመለስ፣ 10 ሰከንድ ማገገም፣ በድምፅ ምልክት እየፈጠነ መቀጠል። ሁሉም ያስሮጠዋል። ጥያቄው ውጤቱን ምን ያደርግበታል የሚለው ነው። ሐምሌ ላይ የተመዘገበው ቁጥር መስከረም ላይ ካልተነጻጸረ ፈተናው ተጫዋች ማድከሚያ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ ወደ 1200 ሜትር ገደማ ሆና ሙቀቷ ሌላ ነው። ከጣና ነፋስ ተነሥቶ እዚያ ለሚወርድ ቡድን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልምምድ እንዴት እንደሚቀልል፣ ውኃ በስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ አስቀድሞ የሚያቅድ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ለወጌሻው መደረብ የተለመደ ነው፤ ወጌሻው ግን የተጎዳውን ሲያሽ ነው የሚውለው።

የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ

ይህ ወንበር ብዙ ጊዜ ለቀድሞ ግብ ጠባቂ በውለታ ይሰጣል። ሦስት ግብ ጠባቂ ይዞ ጥግ ላይ ኳስ ሲወረውርላቸው የሚያረፍድ ሰው በቂ የነበረበት ዘመን አልፏል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የመልስ ምት ሲመታ ኳሱ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል መውጣቱ ግዴታ አይደለም፤ ተከላካዩ እዚያው ውስጥ ሊቀበለው ይችላል። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ግብ ጠባቂ ኳስ በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚ የማዕዘን ምት ይሰጣል፤ ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች በእጁ ይቆጥራል። መሪ ሆኖ ሰዓት መግደል የለመደ ግብ ጠባቂ ራሱ ላይ አደጋ ይጠራል። እጩውን ስለ እነዚህ ሁለት ሕጎች ጠይቁት፤ ልምምዱ ውስጥ እንዴት እንደሚያስገባቸው ካላሳየ ገና በድሮው ሕግ ላይ ነው።

ሌላው የመለያ ምት ነው። ባሕር ዳር ከነማ በ2015 ዓ.ም. ሊጉን በሁለተኛነት ጨርሶ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሳተፈ፤ በነሐሴ የታንዛኒያውን አዛምን የጣለው በመለያ ምት ነበር፤ ቀጥሎ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሰናበተ። እንዲህ ያለው ዕድል ሲመጣ ጨዋታው ሊጉ ሳይጀመር፣ በክረምቱ መካከል ይደርሳል። የተጋጣሚ መቺዎች ወደ የት እንደሚመቱ ቀድሞ የመዘገበ የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ ያኔ ደመወዙን በአንድ ምሽት ይመልሳል።

ከዚህ ውጪ ስለ ቪዲዮ ተንታኝና ስለ ቆሙ ኳሶች (የማዕዘንና የቅጣት ምቶች) ባለሙያ ብዙ አልልም። አርሰናል ለቆሙ ኳሶች ብቻ ኒኮላስ ዦቨርን ቀጥሯል፤ እኛ ዘንድ ግን ሁለቱን ሥራ አንድ ወጣት በአንድ ላፕቶፕ ሊሠራው ይችላል። ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን መተላለፍ ከጀመሩ ወዲህ ምስሉ አለ። የጎደለው ተቀምጦ የሚቆርጠው ሰው ነው። ደመወዙም ከሁሉ ያነሰ ይሆናል።

ሜዳ ላይ መፈተን

ቃለ መጠይቅ አፍ ያለውን ሰው ይጠቅማል። ስለዚህ ለመጨረሻ የቀሩትን ሁለት እጩዎች ሜዳ አውጧቸው። ከወጣት ቡድኑ አሥራ ስምንት ልጅ ስጧቸውና አርባ ደቂቃ ያሠልጥኑ። ርዕሱን ማታ ንገሯቸው፦ ለምሳሌ ኳስ ከተነጠቅን በኋላ የሚሆነው።

ከልጆቹ በፊት ደርሶ ኮኖቹን የደረደረውን አስተውሉ። በሐምሌ ጠዋት ከሜዳው አንዱ ጥግ ውኃ መቋጠሩ አይቀርም፤ አንዱ እጩ ኮኖቹን አንሥቶ አራት ማዕዘኑን ወደ ደረቁ በኩል ያጠብበዋል፣ የተጫዋቹንም ቁጥር ከስምንት ወደ ስድስት ይቀንሳል፣ ሁለቱን ውጭ አቁሞ ኳስ አቀባይ ያደርጋቸዋል። ሌላው «ሜዳው አይሆንም» ብሎ ወደ እናንተ ይመለከታል። ከዚያ ሰዓት ያዙ፤ ኳሱ ቆሞ እሱ የሚያወራበት ጊዜ ከአርባው ደቂቃ አሥሩን ካለፈ ብዙ ነው። በአሥረኛው ደቂቃ ቢያንስ የአምስት ልጅ ስም ይጠራ እንደሆነ ስሙ፤ «አንተ ቀዩ፣ አንተ ረጅሙ» እያለ የሚጨርስ ሰው ሆቴል ኮሪደር ላይም እንዲሁ ነው። በመጨረሻ ልጆቹን ጠይቋቸው። ተጫዋች አሰልጣኝ ሲመዝን ከቦርድ ይፈጥናል።

ውሉ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የፈረመ ምክትል ሙከራው የሚያበቃው በመስከረም ነው፤ ማለትም ዝግጅቱን ሙሉ አይታችሁት፣ ሊጉ ሳይጋጋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተቀጠረ ግን ሙከራው በውድድሩ መካከል ይወድቃል፤ ያኔ ማንም ለመገምገም ጊዜ የለውም።

ዋና አሰልጣኙ ቢለቅ ምክትሉ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይኑር። የአሰልጣኙ ሰው ከሆነ ውሉ አብሮ እንደሚያበቃና ምን ያህል እንደሚከፈለው፤ የክለቡ ሰው ከሆነ እንደሚቀርና ለጊዜው ቡድኑን ቢይዝ የሚጨመርለት። የልምምድ መዝገቡ፣ የጉዳት ደብተሩና የቪዲዮው ፋይል የክለቡ ንብረት መሆኑም ይጻፍ። ኮምፒውተሩን ይዞ የሄደ ረዳት የአንድ ዓመት ሥራ ይዞ ሄዷል።

ገንዘቡ ስንት ነው?

ለአራት ሰው የሚበቃ ገንዘብ ያለው የፕሪሚየር ሊግ ክለብ እንዲህ ቢያደርግ እላለሁ፦ አንደኛ ምክትልነቱን ለዋና አሰልጣኙ ምርጫ ይስጥ፤ ሁለተኛ ምክትል ከወጣት ቡድኑ ያድግ፣ ምትኩም ይመደብ፤ የአካል ብቃቱና የግብ ጠባቂው ወንበሮች ከአሰልጣኝ መምጣትና መሄድ ጋር ሳይያያዙ በክለቡ ስም ይቀጠሩ። ለሦስት ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ምክትል ይቅር። ለሁለት ከሆነ የአሰልጣኙ ሰውና የአካል ብቃት ባለሙያው ይቅደሙ፤ ለግብ ጠባቂዎቹ ከተማው ውስጥ በትርፍ ጊዜው የሚያሠለጥን የቀድሞ ግብ ጠባቂ በሰዓት ክፍያ ይፈለግ።

ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባሉት በከፍተኛ ሊግ ወይም በአንደኛ ሊግ ያለና ለአንድ ሰው ብቻ የሚከፍል ክለብ ዋና አሰልጣኙን ምክትል መንፈግ ይከብደዋል፤ ቢሆንም ያንን አንዱን ደመወዝ ለአካል ብቃት ባለሙያው ቢሰጠው ይሻላል፤ ሃያ ተጫዋች ብቻ ያለው ቡድን ሦስት ቢጎዱበት የሚተካቸው የለውም። ሰውየው ከሐምሌ 15 በፊት ይፈርም፤ ፍልሰታ ሳይገባ ከወጌሻው ጋር ተቀምጦ ያለፈውን ዓመት የጉዳት ደብተር ለማንበብ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል።